የተዘቀዘቀ ነጠላ

የድሮ ፎቶ አንሺዎች የሙያቸውን ምስጢር እርስ በርሳቸው ይደባበቁ ነበር የሚባለው ሐሰት ነው። ይህን የሚሉት ከፎቶ አንሺ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ተቀምጫለሁ። በሃምሳዎቹ ዓመታት ንፋስ ስልክ ላይ የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች መደበቅ ሳይሆን ማቆም ነበር የሚያቅታቸው። አንዱ ስለ ፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ማውራት ከጀመረ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ አውቶቡስ ያመልጣል፣ እሱ ግን ገና የውሃውን ሙቀት አልጨረሰም።

ፎቶ ቤቱ ከደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ከደጁ ቆሞ ቀና ላለ ሰው ለሰፈሩ ስሙን የሰጡት የሬዲዮ ምሰሶዎች ይታያሉ። ከጀርባው፣ ወደ ጎፋና ወደ መካኒሳ ያለው አገር ገና እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። ውስጡ እንደ ማንኛውም ፎቶ ቤት የእብነ በረድ ደረጃና ዳክዬ የሚዋኝበት ሐይቅ የተሣለበት መጋረጃ ነበረው። የቄራ ሥጋ ነጋዴም የቀለም ፋብሪካ ዘበኛም እዚያ ደረጃ ላይ ቆመው ተነሥተዋል። ደረጃው ወዴት እንደሚወጣ የጠየቀ አልነበረም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ቤቱ ለደንበኛ ይዘጋና ለእኛ ይከፈታል። እኛ ማለት አራት ሰዎች ነን። አንደኛው ባለቤቱ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ሙያውን ከአንድ አርመን ተምረው ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ አንድን ሰው በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ጊዜ አውጥተው ለራሱ ጠላ ሲቀዳ የሚያሳዩ፣ በዚህም እስከ ሳሪስ ድረስ ስማቸው የታወቀ ሰው ነበሩ። ሁለተኛዋ ሚስታቸው እትዬ ናቸው። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በጥጥና በዘይት ቀለም የሚያቀልሙት እሳቸው ነበሩ። በእጃቸው ያለፈ ሰው ሁሉ ጉንጩ ደም ግባት ያገኛል። ምላሳቸው ግን ለማንም ደም ግባት አይጨምርም። ሦስተኛው ለጋዜጣ ፎቶ የሚያነሣ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ለፍላፊ ነው። አራተኛው እኔ፣ ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት ወረቀት የምገለብጥ፣ ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ ራሴን አርቲስት ብዬ የሾምኩ ወጣት ነኝ።

ደንቡ ቀላል ነበር። በሳምንቱ የሠራነውን ፎቶ ጨለማ ክፍሉ ደጃፍ ላይ በተዘረጋው ሲባጎ በልብስ መቆንጠጫ እንሰቅላለን። ያነሣው ሰው ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ትንፍሽ አይልም። በመጨረሻ አንዱ «እንዴት ሠራኸው?» ብሎ ከጠየቀው አንድም ሳያስቀር መናገር ግዴታው ነው። ጋሼ ጠርዙ የሚደበዝዝ የሙሽራ ፎቶ እንዴት እንደሚሠሩ ሲጠየቁ፣ ከማተሚያው ሌንስ ፊት የእትዬን ስስ የእግር ሹራብ እንደሚወጥሩ የተናዘዙት በዚህ ደንብ ነው። እትዬም ሹራባቸው የት እየጠፋ እንደነበር ያወቁት ያን ዕለት ነው።

እኔ የሬዲዮ ምሰሶዎቹን በቢጫ የከረሜላ መጠቅለያ በኩል አንሥቼ ነበር። ሰማዩ ጠቆር ይልና ደመናው ነጥሮ ይወጣል። ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት ዘዴ ነው። ጋዜጠኛው አንገቱን አጣሞ አየና፣

«ምሰሶ አየሁ፤ ደመናም አየሁ። ሰዎቹ ምሳ ሄደው ነው?» አለ።

ደንቡ ስለሆነ ዝም አልኩ። በሆዴ ያልኩትን ግን አሁንም አልጽፈውም።

በዚያን ጊዜ ሁላችንንም ያስቸገረን አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ነጠላ። መጽሐፎቼ ስለ ብርሃን ብዙ ያውቃሉ። ብርሃኑን ከሰውየው ፊት ላይ ለካ ይላሉ፤ የማን ፊት እንደሆነ ግን አይናገሩም። እነዚያን መጽሐፎች የጻፉ ሰዎች የእኛን እናቶች ከቅዳሴ ሲወጡ በቀትር ፀሐይ ቢያዩአቸው ኖሮ ብዙ ገጽ ቀድደው ይጥሉ ነበር። ፊቱ እንዲታይ ብርሃን ከጨመርክ ነጠላው ይቃጠልና ሽመናውም እጥፋቱም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ነጠላውን ላድን ካልክ ፊቱ ከሰል ይሆናል። የአንዳንድ ፎቶ ቤት ዘዴ ፊልሙ ላይ ፊቱን በእርሳስ እየነካኩ ማንጣት ነበር። ደንበኛው የማያውቀውን ዘመዱን ተቀብሎ ይሄዳል። ጋሼ ይህን አይወዱም። «እናቱ ያልወለደችውን ሰው አልሸጥለትም» ይሉ ነበር።

ወተት የማመጣው ከመካኒሳ አቦ ማዶ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነበር። እዚያው ተወልደው እዚያው ያረሱ ቤተሰብ ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ኮንጎ ከዘመተው ጦር ጋር ነበር። አንድ ቀን ወተቱን እየሰጡኝ፣

«ልጄ፣ ፎቶሽን ላኪ ብሎኛል። ጓደኛው ፈቃድ መጥቶ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። አንተ ታነሣ የለም?» አሉኝ።

እንዴታ! ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። እማማን ከቤታቸው ፊት ለፊት ዱካ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፀሐዩ ያው እንደተለመደው ነጠላውን ያቃጥላል። ያን ጊዜ ነው ትልቁ ሐሳብ የመጣልኝ። የነጠላቸው ጥለት ሰፊና ጠቆር ያለ ነበር። ያ ጥለት በጉንጫቸው ዙሪያ ቢያልፍ፣ በነጩና በፊታቸው መካከል እንደ ድንበር ሆኖ ሁለቱንም ያስማማል። ነጠላውን ከትከሻቸው አንሥቼ ገለበጥኩና ጥለቱን ወደ ላይ አውጥቼ በፊታቸው ዙሪያ አዞርኩት። በሌንሱ ሳየው ልቤ ዘለለ። እማማ አንድ ጊዜ «ልጄ፣ ጥለቱ…» ብለው ጀመሩ። «አይንቀሳቀሱ!» አልኳቸው። ያን ጊዜ ሰው ፎቶ አንሺን እንደ ሐኪም ይፈራ ነበር። ዝም አሉ።

እሑድ ፎቶውን ሲባጎው ላይ ስሰቅለው ምስጋና ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። መጣልኝም። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀረቡ።

«ነጩ አለ። ፊቱም አለ። ሽመናው ይቆጠራል» አሉ። ከጋሼ አፍ ይህ ማዕረግ ነው።

ጋዜጠኛውም፣ «እውነት ለመናገር ያስቀናል። እኔ ብሆን ግን ትንሽ ዝቅ ብዬ…» አለ።

«አንተማ ምን ጊዜም ዝቅ ብለህ ነው» አሉት ጋሼ። «የትልልቅ ሰዎችን የአፍንጫ ቀዳዳ ለአገሩ ሕዝብ ያስተዋወቅኸው አንተ አይደለህ?»

እየሳቅን እያለ እትዬ ቀለማቸውን ይዘው መጡ። ጥጡን በጣታቸው ጠቅልለው ወደ ፎቶው ጎንበስ አሉ።

«ጥለቱን ምን ዓይነት ቀለም ላድርገው?» አሉና ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ጥጡን አስቀመጡት። «እኚህ ሴትዮ ማን ሞቶባቸው ነው?»

እኔ ደንቡን አክብሬ ዝም አልኩ።

«ተናገር እንጂ! ደንቡ ገደል ይግባ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል እኮ። ባላቸው አሉ?»

«አሉ» አልኩ። «ትናንት ገለባ ሲከምሩ አይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አዘቀዘቀው?»

ገባኝ። በአገራችን ሴት ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ነጠላዋን የምትዘቀዝቀው ሰው ሲሞትባት ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ አንድ ጊዜ መቆም ይበቃል። እኔም ቆሜአለሁ፣ ጋሼም ቆመዋል፣ ጋዜጠኛውማ የለቅሶ ፎቶ ሲያነሣ ነው የኖረው። ሦስታችንም ግን በዚያ ፎቶ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብቻ ነበር ያየነው። ብርሃን ሲለካ የኖረ ዓይን አገሩን ይረሳል። ስለ ድንበሩ፣ ስለ ጉንጩ፣ ስለ ፀሐዩ ተንተባትቤ አስረዳሁ።

«ይህ ፎቶ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ እትዬ።

«ኮንጎ፤ ለልጃቸው። ነገ ማለዳ።»

ጋዜጠኛው ሲጋራውን አጠፋ።

«ልጁ ፖስታውን ሲከፍት አባቱ ሞቷል ነው የሚለው» አለ። «በዚያ አገር፣ ጠመንጃ በእጁ ይዞ። መርዶ በፎቶ ልትልክለት ነበር።»

«እሳቸው ሲነሡ ምንም አላሉህም?» አሉ ጋሼ።

«ጥለቱ ብለው ጀምረው ነበር። አይንቀሳቀሱ አልኳቸው።»

እትዬ ፎቶውን ከሲባጎው ላይ አወረዱት። «ሥራህን መጀመሪያ የነቀፉልህ እሳቸው ናቸው፤ አንተ አፋቸውን ዘጋህ። በል ተነሣ፣ ብርሃን ሳለ እንሂድ።»

እውነቱን ለመናገር እንሂድ ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ጥፋቱ የእኔ፣ ደንበኛዋም የእኔ ናቸው። እነሱ ግን ልክ የራሳቸው ፎቶ የተበላሸ ይመስል መሯሯጥ ጀመሩ። ጋሼ ጥቁር ኮታቸውን ደረቡ። ከሰዓት የቀረው ብርሃን እንዳያንሰን ብለው ከአልጋቸው ላይ ነጭ አንሶላ ገፈው አጥፈው ሰጡኝ። አንሶላውን ከፊት ለፊት ብንይዘው ፀሐዩን ወደ እማማ ፊት ይመልስልናል፤ ይህ ደግሞ ጋሼ እስከዚያ ቀን ያልነገሩን፣ ስላልጠየቅናቸው ብቻ ያልነገሩን ዘዴ ነበር። አራታችን ጋዜጠኛው ከመሥሪያ ቤት በያዛት ትንሽ ሰይቼንቶ መኪና ውስጥ ተጠቀጠቅን። ወንዙ ጋ ጭቃው ሲይዘን መኪናዋን ትተን በእግር ተሻገርን።

አሁን አስቡት። አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው ጦር ሜዳ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ሲሉ አራት ሰዎች ተከታትለው በፍጥነት ይመጣሉ። ከፊት ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሌ፣ ቀጥለው ነጠላ የተከናነቡ ሴት፣ ቀጥሎ የማያውቁት የከተማ ሰው፣ ከኋላ እኔ፣ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ታቅፌ። መርዶ ነጋሪ ሌላ እንዴት ሆኖ ይመጣል?

መጀመሪያ ያየችን ጎረቤታቸው ነበረች። እጇን በራሷ ላይ ጭና ጮኸች። እማማ የምስሩን ሰፌድ ጣሉት።

«ዋቃዮ! ልጄን! ልጄን!»

ባላቸው ከጓሮ ሮጠው መጡ። እኛም አራታችን በአንድ ላይ «ፎቶ ነው! ፎቶ ነው!» እያልን መጮህ ጀመርን። ለምን እንደዚያ እንዳልን እስካሁን አላውቅም። ልጄን ለሚሉ እናት ፎቶ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ከሁላችን እትዬ ብቻ አእምሮ ነበራቸው። ሮጠው እማማን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ደህና ነው! ልጅዎ ደህና ነው፣ እመቤቴን! ምንም የሰማነው ነገር የለም። እኛ ደደቦች ነን። ነጠላዎን ዘቅዝቆ አንሥቶዎት ልናስተካክል ነው የመጣነው።»

እማማ ለጊዜው አልሰሙም። ኋላ ሰሙ። መሬት ላይ ተቀምጠው ትንሽ ተነፈሱ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ተነሡ። ሲነሡ ጣታቸው አብሮ ተነሣ።

«እሑድ ቀን! አራት ሆናችሁ! አቡጀዲ ታቅፋችሁ ሰው ደጅ!»

«አንሶላ ነው፣ እማማ…»

«ዝም በል! ትናንት ጥለቱ ብዬ አልነገርኩህም? ትናንት አልነገርኩህም? አይንቀሳቀሱ አልከኝ። ይኸው ዛሬ ተንቀሳቀስኩ!»

ባላቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወደ ገለባው ክምር ዞሩ። ጎረቤትየዋ ደግሞ ጩኸቷን ሰምተው የመጡትን ሰዎች ትመልሳለች። «ፎቶ ነው አሉ፣ ፎቶ ነው» እያለች።

ፀሐይዋ በዚያ መካከል ወደ ባሕር ዛፉ እየወረደች ነበር። ጋሼ አንሶላውን ከእጄ ነጠቁኝ፤ በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው ጋዜጠኛው ሆነው ዘረጉት። እትዬ እማማን ከፀሐዩ አውጥተው ጢስ ያጠቆረው የቤቱ በር ፊት ጥላ ላይ አቆሟቸው። ነጠላቸውን እንደ ወጉ፣ ጥለቱን ወደ ታች አደረጉላቸው። ከጥቁሩ በር ፊት ነጩ ነጠላ እጥፋት በእጥፋት ተቆጥሮ ታየ። ከአንሶላው የተመለሰው ብርሃን ፊታቸው ላይ እንደ ሞቀ ውሃ ቀስ ብሎ ፈሰሰ። ሦስት ዓመት በመጽሐፍ የፈለግሁት ነገር እዚያ በር ላይ ቆሞ ይቆጣኛል።

ቁጣውም አላባራም። «ወተት ከእኔ እየጠጣህ! እናትህ የለችም? ነጠላ አይተህ አታውቅም?»

«አፋቸውን እስኪገጥሙ ጠብቅ» አሉ ጋሼ።

«ተዉ ጋሼ፣ ይናገሩ!» አለ ጋዜጠኛው አንሶላውን እንደ ሸራ ወጥሮ። «እየተናገሩ አንሣቸው። በሁለት ቃል መካከል! ትንፋሽ ሲወስዱ!»

እኔ እስከዚያ ድረስ ሰው ሲናገር አንሥቼ አላውቅም ነበር። ሰው ፎቶ የሚነሣው ጉልበቱን ገጥሞ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተከሳሽ ነው። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። እማማ «አንተ…» ብለው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው ትንፋሽ ወሰዱ። ተጫንኩት።

ማታ ራት ሳይቀርብ ጋሼ ራሳቸው አተሙት። በማተሚያው ብርሃን ሥር መዳፋቸውን እያወዛወዙ እንዳይጠቁር ለእማማ ፊት ጥላ ሲሰጡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያወዛውዙ ጮክ ብለው እየቆጠሩልኝ ነበር፤ እንድማር። እትዬ ፊቱን አልነኩትም። ጥለቱን ብቻ፣ እታች መሆኑ ከሩቅ እንዲታይ፣ አረንጓዴና ቀይ ቀቡት። ጋዜጠኛው ፖስታውን ወስዶ ፈቃድ ለመጣው ወታደር በእጁ አደረሰው።

ልጁ በሰላም ተመለሰ። አንድ ቀን ከእናቱ ጋር ወተት ይዞ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣና ፎቶውን ከደረት ኪሱ አወጣው። በላብ ጠርዙ ተልጧል፤ የእትዬ ቀይ ቀለም ወደ ፖስታው ተላልፎ ጥለቱ ገርጥቷል። ጓደኞቹ «እናትህ ምን አድርገሃቸው ነው እንዲህ የሚቆጡት?» እያሉ ይስቁበት እንደነበር ነገረን።

«እኔ ግን ሳየው ተኛሁ» አለ። «ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። እሷ ክፉ ነገር ሲገጥማት ዝም ነው የምትለው። ስትቆጣ ሳያት ቤታችን ደህና ነው አልኩ።»

እማማ፣ «አሁንም እቆጣለሁ» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

ጥበብ የብቸኛ ሰው ሥራ ነው ሲባል እሰማለሁ። ይህን የሚሉ ሰዎች ያን ፎቶ ቢያዩ የማን ነው ይሉ ይሆን? አንሶላው የጋሼ፣ የነጠላው አለባበስ የእትዬ፣ ቅጽበቱ የጋዜጠኛው፣ ቁጣው የእማማ ነው። የእኔ አንዲት ጣት ብቻ ናት። በሕይወቴ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ከብዙዎቹም ጋር ተጣልቻለሁ። ለአንድ የማያውቁት ወታደር እንቅልፍ ብለው እሑዳቸውን ትተው ጭቃ ከተሻገሩት ከነዚያ ሦስት ሰዎች ጋር ግን የምጣላበት ነገር አላገኘሁም፤ ፈልጌ ነበር። ጋሼና እትዬ አሁን የሉም። ጋዜጠኛው ሩቅ ነው። እነሱን ያሳወቀኝን ሰፈር አመሰግናለሁ፤ ለእኔ ከሚገባኝ በላይ ነው የሰጠኝ።

ዛሬ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ያሳዩኛል። ሁሉም ጥሩ ጥሩውን መርጠው ነው የሚያመጡት። አይቼ አመሰግናለሁ፣ እነሱም አመስግነው ይሄዳሉ፤ እነሱም እኔም ምንም ሳንማር። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ካሜራ ያላችሁ ሰዎች፣ ጥሩውን ለእናታችሁ አሳዩ። ለእኔ ያልሆነላችሁን አምጡልኝ።